ያውቁ ኖሯል? ድመት ለምን እግር በእግር ትከተለናለች?

ማክሰኞ የአልዱባ ገበያ ቀን ነው። የበና፣ የጸማይና የአሪ ሰው ማሽላውን፣ ማሩን፣ ቅቤውንና የቡና ገለባውን ይዞ ከጂንካ ብዙም በማትርቀው በዚህች መንደር ይገናኛል። እኔ ግን አንድ ማክሰኞ ከገበያው ዳር ካለች ሻይ ቤት ተቀምጬ ዓይኔ የቀረው አንዲት ግራጫ ድመት ላይ ነበር። ባለ ሻይ ቤቷ ከምድጃው ወደ ውኃ ጀሪካኑ ስትሄድ ድመቷም ትሄዳለች። ብርጭቆ ለማለቅለቅ ወደ ጓሮ ስትወጣ ከኋላዋ ትወጣለች። ስትመለስ ቀድማ ገብታ እግሯ ላይ ትታከካለች። ሻዬን ጠጥቼ እስክጨርስ ዘጠኝ ጊዜ ስትከተላት ቆጠርኩ። ቤቱ ውስጥ ወጥ የለም፣ ሥጋ የለም፤ ያለው ሻይና ብስኩት ብቻ ነው።

"ምን ፈልጋ ነው እህቴ?" አልኳት።

"ኧረ ምንም! ጠዋት በልታለች። ዝም ብላ ነው። እኔ ካልተቀመጥኩ እሷም አትቀመጥም" አለችኝ።

"ዝም ብላ" የሚለው ቃል ከልቤ አልወጣ አለኝ። ለመሆኑ ዝም ብላ ነው?

ያውቁ ኖሯል? "ውሻ የሚወደው ሰውን፣ ድመት የምትወደው ቤትን" እየተባለ የምንሰማው ነገር ተፈትኖ ወድቋል። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ የኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ ክርስቲን ቪታሌና ባልደረቦቻቸው 70 የድመት ግልገሎችን ፈተኑ። ፈተናው ቀድሞ ለሕፃናትና ለእናቶቻቸው የተዘጋጀ ነበር። ግልገሏ በማታውቀው ክፍል ውስጥ ከባለቤቷ ጋር 2 ደቂቃ ትቆያለች፤ ባለቤቷ ይወጣና 2 ደቂቃ ብቻዋን ትቀራለች፤ ከዚያ ተመልሶ ይገባል። ከመቶ 64 ያህሉ ባለቤታቸው ሲመለስ ጭንቀታቸው በረደ፤ ሰላም ብለውት ክፍሉን ማሰስ ጀመሩ። ይህ ቁጥር በሰው ሕፃናት ላይ ከተገኘው ጋር ይቀራረባል። ልብ ይበሉ፤ ክፍሉ ለግልገሏ እንግዳ ነው። እዚያ የምታውቀው ነገር ቢኖር ሰውዬው ብቻ ነው። ያረጋጋት ቤቱ ሳይሆን እሱ ነው ማለት ነው።

ያውቁ ኖሯል? ቪታሌና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2017 ያደጉ ድመቶችን ምግብ፣ መጫወቻ፣ ሽታና ከሰው ጋር መሆንን አቅርበው አስመረጧቸው። ግማሽ ያህሉ ከምግቡ ይልቅ ሰውን መረጡ። የአልዱባዋ ግራጫ ድመት ከእነዚህ ወገን መሆኗን አልጠራጠርም።

ያውቁ ኖሯል? ድመትዎ ሳታይዎትም የት እንዳሉ ትከታተላለች። እ.ኤ.አ. በ2021 ሳሆ ታካጊና ባልደረቦቻቸው በጃፓን ባወጡት ጥናት ድመቶች የባለቤታቸውን ድምፅ ከአንድ ስፒከር እንዲሰሙ ተደረገ። ወዲያው ያው ድምፅ ሰው በዚያች ቅጽበት ሊደርስበት ከማይችል ሌላ ቦታ መጣ። ድመቶቹ ግራ ገባቸው፤ ጆሯቸውን አዞሩ፣ አንገታቸውን አቀኑ፣ ዙሪያውን አዩ። የሌላ ድመት ድምፅ ወይም የኤሌክትሮኒክ ድምፅ ሲሆን ግን እንዲህ አልደነገጡም። ድመቷ ባታይዎትም "አሁን እዚህ ጋ ነው" ብላ በልቧ ይዛዎታለች ማለት ነው። ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲሻገሩ ብድግ የምትለው የያዘችው ሥፍራ ስለተለወጠባት ሊሆን ይችላል።

ያውቁ ኖሯል? "ውሮ!" ሲሏት ስሟ መሆኑን ታውቃለች። አትሱኮ ሳይቶ በቶክዮ ሶፊያ ዩኒቨርሲቲ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2019 ያሳተሙት ጥናት ድመቶች ስማቸውን ተመሳሳይ ርዝመት ካላቸው ሌሎች ቃላት እንደሚለዩ አሳይቷል። ሰምታ ዝም ስትል ሳትሰማ ቀርታ አይደለም፤ ባትመጣ መርጣ ነው።

ያውቁ ኖሯል? ያደጉ ድመቶች እርስ በርሳቸው እምብዛም "ሚያው" አይባባሉም። ይህ ግልገል እናቱን የሚጠራበት ድምፅ ነው። ካደጉ በኋላ የሚያሰሙት በዋናነት ለሰው ነው። ጅራታቸውን እንደ ዘንግ ቀጥ አድርገው መምጣታቸውም እንዲሁ ነው። ግልገሎች እናታቸው ከአደን ስትመለስ ጅራታቸውን አቁመው ይቀበሏታል፤ ቤት ውስጥ ያደገች ድመት ያንኑ ሰላምታ ለእርስዎ ታቀርባለች። ግልገል እናቱን ተከትሎ አደኑንም፣ መደበቂያውንም፣ የሚፈራውንም ይማራል። የቤት ድመት ይህን ልማድ ሳትተው ታረጃለች። ስለዚህ አንዲት አሮጊት ድመት ጅራቷን አቁማ ከማድቤት እስከ ሳሎን ስትከተል ካዩ ያ የልጅነት እርምጃዋ ነው።

ይህ ግን ለሁሉም ድመት እኩል አይሠራም። ግልገል ከሰው ጋር የሚለማመድበት ዋናው ጊዜ ከተወለደ ከ2ኛው እስከ 7ኛው ሳምንት ነው። በእነዚያ ሳምንታት የሰው እጅ የዳሰሰው ግልገል ሰው ይከተላል። በጎተራ ሥር ተወልዶ ሰው ሳይነካው ሁለት ወር ያለፈው ግን ወጥመድ ውስጥ እንደገባ አውሬ ይሸሻል። የጎረቤትዎ ድመት ትከተላቸዋለች፣ የእርስዎ አትከተልም ብለው አይዘኑባት። ምናልባት በዚያ ጊዜ ያቀፋት አልነበረም።

ያውቁ ኖሯል? እግርዎ ላይ ስትታከክ ሽታዋን እየቀባችዎ ነው። ድመት ጉንጯ፣ ግንባሯ፣ ከንፈሯ ዳር፣ የጅራቷ ሥርና የመዳፏ ሥር ሽታ የሚያመነጩ ዕጢዎች አሏት። በሯን፣ የአልጋውን እግር፣ የእርስዎን ቁርጭምጭሚት በአንድ ሽታ ታገናኛቸዋለች። ከቤት ሲወጡ የገበያ፣ የታክሲ፣ የሌላ ሰው ሽታ ይዘው ይመለሳሉ። ልክ እንደገቡ ተከትላ የምታሻሽዎት የቤቱን ሽታ ልትመልስልዎ ነው። በጠረን መነጋገር ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም፤ ጥርኝ ምድሯን የምታሳውቅበት ዝባድ ከኢትዮጵያ ወጥቶ የዓለምን ሽቶ ለዘመናት ሲያጣፍጥ ኖሯል። ጥርኝ በመልኳ ድመት ትምሰል እንጂ ከድመት ቤተሰብ አይደለችም።

ያውቁ ኖሯል? የድመት ሰውነት ተጨማሪ ጉልበት ሳያወጣ ሙቀቱን የሚጠብቀው አካባቢው ከ30 እስከ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ነው። ለእኛ ይህ ላብ ነው፤ ለእሷ ምቾት ነው። የምድጃ ዳር አመድ ላይ የምትተኛው፣ ከወንበር ሲነሱ የሞቀውን ቦታ የምትወርሰው፣ ማታ ወደ አልጋ ተከትላ ብርድ ልብስ ውስጥ የምትገባው ለዚህ ነው። በአልዱባ የቀትር ፀሐይ ይህን አትፈልግ ይሆናል። በጂንካ ዝናብ የጣለ ማለዳ ግን ከእንጀራ ጋጋሪ የሚለያት የለም።

ያውቁ ኖሯል? የቤት ድመት ዘር የሚመዘዘው ከአፍሪካና ከቅርብ ምሥራቅ የዱር ድመት ነው፤ ሳይንስ ፌሊስ ሊቢካ ይላታል። እ.ኤ.አ. በ2007 ከ979 የቤትና የዱር ድመቶች ዘረመል ተወስዶ የተሠራው ጥናት ይህን አረጋገጠ። ይህች የዱር ድመት ዛሬም በኢትዮጵያ ትኖራለች። እግሯ ረዘም ይላል፣ የጆሮዋ ጀርባ ወደ ቀይ ቡናማ ያደላል፤ ከመንደር ድመት ጋርም ትዳቀላለች። ብቻዋን የምታድን፣ ሰው የምትሸሽ አውሬ ናት። ከእሷ ዘር የወጣች ድመት ሰው እግር ሥር እንድትውል ያደረጋት ማን ነው?

እህል ነው። ሰው ማረስ ሲጀምር ጎተራ ሠራ፤ ጎተራው አይጥ ጠራ፤ አይጡ ድመት ጠራ። ማንም አላሰራትም፣ ማንም አልገዛትም። በአልዱባ ዙሪያ ማሽላ ባለበት ቤት ሁሉ ይህ ታሪክ ዛሬም እየተደገመ ነው። አይጥ ከምትበላው ማሽላ የምታበላሸው ይብሳል፤ ጎተራ የሚጠብቅ ድመት ያለው ቤት ጥቅሟን ያውቃል። በቆጵሮስ ደሴት ሺሉሮካምቦስ በተባለ ሥፍራ ከ9,500 ዓመት በፊት የተቀበረ አንድ ሰው ተገኝቷል፤ ከእሱ 40 ሴንቲ ሜትር ርቆ የስምንት ወር ድመት ተቀብራለች። ደሴቲቱ የራሷ የዱር ድመት አልነበራትም። ስለዚህ ድመቷ ወይም እናቷ በጀልባ ተጭና ነው የመጣችው። ሰው ባሕር ሲሻገር ይዟት ሄዷል፤ ሲሞትም አልተለያዩም። ስለ ድመትና ሰው ካነበብኩት ሁሉ ልቤን የነካው ይህ መቃብር ነው።

ያውቁ ኖሯል? በዓለም ላይ ሰው በመከተል ከሚታወቁት የድመት ዝርያዎች አንዱ በአገራችን የቀድሞ ስም ይጠራል፤ አቢሲኒያን ይባላል። ጸጉሩ አጭር፣ እያንዳንዱ ፀጉር በጥቁርና በቀይ ቡናማ የተቀለመ፣ ጆሮው ትልቅ፣ ቁመናው ቀጠን ያለ ነው። አሳዳጊዎቹ ዕቃ ሲያጥቡ፣ ሲጽፉ፣ ደረጃ ሲወጡ ከጎናቸው እንደማይጠፋ ይናገራሉ። ስሙ የመጣው ከመቅደላ ዘመቻ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም መቅደላ ላይ ከሞቱ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ሲመለስ የአንድ መኮንን ባለቤት "ዙላ" የተባለች ድመት ይዛ ሄዳለች ይባላል። ዙላ የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ያረፈበት የቀይ ባሕር ወደብ ስም ነው። ጎርደን ስቴብልስ እ.ኤ.አ. በ1874 ባሳተመው የድመት መጽሐፍ የዙላ ሥዕል ወጥቷል።

ይሁንና ስሙ የእኛ ይሁን እንጂ ዝርያው ከኢትዮጵያ መምጣቱ አልተረጋገጠም። በኔዘርላንድ ላይደን ቤተ መዘክር ውስጥ ከመቅደላ ጦርነት ከ30 ዓመት በላይ ቀድሞ የተገኘ እንዲህ ዓይነት ጸጉር ያለው ድመት አለ፤ ጽሑፉ "የሕንድ የቤት ድመት" ይለዋል። የዘረመል ጥናቶችም ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ያመለክታሉ። ዝርያው ግን ሌላ ክብር አለው። እ.ኤ.አ. በ2007 የድመት ጠቅላላ ዘረመል ረቂቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነበብ የተመረጠችው "ሲናሞን" የምትባል አቢሲኒያን ነበረች። ዓለም ስለ ድመት ደም ያወቀውን የኢትዮጵያን ስም ከያዘች ድመት አውቆታል።

ያውቁ ኖሯል? ድመት የጣፋጭን ጣዕም አትለይም። የጣፋጭ መቅመሻዋ ዘረመል እንደተበላሸ እ.ኤ.አ. በ2005 ታውቋል። አልዱባ ገበያ ላይ የማር ቅል ሲከፈት ንብ ይከበዋል፤ ድመቷ ዞራም አታየው።

ቅቤ ግን ሌላ ነገር ነው። አያቴ ቅቤ የተቀባች ማታ ድመታችን ከደጅ እስከ ጓዳ፣ ከጓዳ እስከ መደብ ስትከተላት አምሽታ በመጨረሻ ትራሷ ላይ ትወጣለች። ሌሊት ስነቃ በኩራዝ ብርሃን የአያቴን ሹሩባ በሻካራ ምላሷ ቀስ እያለች ስትልስ አያታለሁ። አያቴ ሳትነቃ እጇን ታነሳና ታርቃታለች፤ ድመቷም ትንሽ ጠብቃ ትመለሳለች። ያ ምላስ የሚሻክረው በላዩ ወደ ኋላ የተቀለበሱ ጥቃቅን እሾኮች ስላሉበት ነው፤ ከአጥንት ላይ ሥጋ ትግጥበታለች፣ ጸጉሯን ታበጥርበታለች። እና አዎ፣ ድመት ለሆዷም ትከተላለች። ሆድና ፍቅር ሁለቱም እውነት ናቸው።

ያውቁ ኖሯል? ለምግብ ስትከተልዎ የምታሰማው ኩርርታ ከሌላው ጊዜ ይለያል። በእንግሊዝ የሰሴክስ ዩኒቨርሲቲዋ ካረን ማኮም እ.ኤ.አ. በ2009 እንዳሳዩት ድመት ምግብ ስትለምን በኩርርታዋ ውስጥ የሕፃን ልቅሶ የሚመስል ቀጭን ድምፅ ትደብቃለች። ድመት የሌላቸው ሰዎች እንኳ ሲሰሙት "ይህኛው ያጣድፋል" ብለዋል።

ያውቁ ኖሯል? ድመት ይበልጥ የምትነቃው ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። በቀን ከ12 እስከ 16 ሰዓት ያህል ትተኛለች። እኛም ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ የምንለው ጠዋትና ማታ ነው፤ ስለዚህ ሩጫችን ይገጥማል። ሌሊት ወደ ውጭ መጸዳጃ ቤት ሲወጡ ከኋላዎ ኮቴ የለሽ ተከታይ ካለ አይደንግጡ። እሷ ለማየት የሚያስፈልጋት ብርሃን እኛ ከሚያስፈልገን አንድ ስድስተኛው ገደማ ነው። እርስዎ ባትሪ ይዘው ይደናቀፋሉ፣ እሷ ቀድማ ደርሳለች።

ያውቁ ኖሯል? ኮቴዋ ስለማይሰማ አይጦች ተሰብስበው "ድመቷ አንገት ላይ ቃጭል ማን ይሰር?" ያሉት ምክር ትክክል ነበር። በእንግሊዝ አገር በተደረገ ጥናት ቃጭል የታሰረላቸው ድመቶች ወደ ቤት የሚያመጡት አደን በግማሽ ያህል ቀንሷል። ጎተራ ያለው ሰው ድመቱ ላይ ቃጭል አይሰር።

ያውቁ ኖሯል? በእስልምና ትውፊት ድመት ርኩስ ያልተባለችበት ምክንያት በሰዎች መካከል የምትዘዋወር በመሆኗ ነው። ከሺህ ዓመት በላይ አስቀድሞ የታየው ይኸው እግር በእግር መሄዷ ነው። ብዙ ሐዲስ ያስተላለፉት የአቡ ሁረይራ መጠሪያ ራሱ የድመት ግልገል አባት ማለት ነው።

ያውቁ ኖሯል? ለምትከተልዎ ድመት መልስ መስጠት ይችላሉ። ዓይንዎን በዓይኗ ላይ አያፍጥጡ፤ ይህ ለእሷ ጠብ ነው። ቀስ ብለው ዓይንዎን ጨፈን፣ ቀስ ብለው ገለጥ ያድርጉ። እ.ኤ.አ. በ2020 ታዝሚን ሃምፍሪና ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት ጥናት ድመቶች እንዲህ ላደረገላቸው ሰው መልሰው ዓይናቸውን እንደሚያጠብቡ፣ የማያውቁት ሰው ቢሆን እንኳ ወደ እሱ ለመቅረብ እንደሚደፍሩ አሳይቷል። እኔ በአልዱባዋ ድመት ላይ ሞክሬዋለሁ። ጥቂት አይታኝ ዓይኗን አጠበበችልኝ፤ ከዚያ ወደ ባለቤቷ እግር ተመለሰች።

አሁን ሁሉም ቤት ሊያውቀው ወደሚገባው ልግባ።

ማድቤት ተከትላዎት ስትገባ ወጥ አይጣሉላት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ፤ የእኛ ወጥ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። ወተትም ብዙዎቹን ያደጉ ድመቶች ያስቀምጣቸዋል። ፓራሲታሞል ፈጽሞ አይስጧት፤ አንድ ፍሬ ልትገድላት ትችላለች። ንጹህ ውኃ ግን ሁልጊዜ ይኑራት። የዘሯ አገር በረሃ ስለሆነ ጥሟን ቶሎ አታሳይም።

ነፍሰ ጡር እናት ቤት ውስጥ ካለች የድመቷን ዓይነ ምድር ሌላ ሰው በየቀኑ ያንሳ። ቶክሶፕላዝማ የተባለው ተውሳክ ከወጣ በኋላ ተላላፊ ለመሆን ከ1 እስከ 5 ቀን ይወስድበታል፤ በየቀኑ ከተጠረገ ጊዜ አያገኝም። ተውሳኩ በጥሬ ሥጋም ይገባል። ስለዚህ ድመቷን አባርሮ ጥሬ ሥጋ መብላት ለጽንሱ ምንም አይጠቅመውም።

ድመት ብትነክስዎ ወይም ብትቧጭርዎ ቁስሉን በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ ይጠቡና ያኔውኑ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ በድመትም ይተላለፋል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። ክትባት አግኝተው ድመትዎን ካስከተቡ ግን እሷም ቤተሰቡም ይተርፋሉ።

እና አንድ የመጨረሻ ነገር። ስትከተልዎ የማታውቅ ድመት በድንገት ከእግርዎ አልለይ ካለች፣ ወይም አሮጊት ድመት ሌሊት እየጮኸች ከክፍል ክፍል ከተከተለችዎ፣ "ምን ነክቷት ነው" ብለው በእግርዎ አይግፏት። ድመት ሕመሟን ትደብቃለች። ጥርሷ ታሞ፣ ዓይኗ ፈዝዞ፣ የእንቅርት ዕጢዋ ከልክ በላይ እየሠራ ሊሆን ይችላል። አፏን ከፍተው ይዩ፣ ሆዷን በቀስታ ይዳስሱ፣ መብላት መጠጣቷን ሁለት ቀን ይከታተሉ። ያልተለመደ ነገር ካዩ በካርቶን ወይም በቅርጫት አድርገው በአቅራቢያዎ ወዳለው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ይውሰዷት። እስካሁን እሷ ተከትላዎታለች፤ በዚያ ቀን እርስዎ ይከተሏት።